የፍሪዘር መጋዘን ጠላቱ ውኃ ነው

ስለ ትልልቅ ፍሪዘር መጋዘኖች ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከማሽኑ ነው። ኮምፕሬሰሩ ስንት ኪሎዋት ይበላል፣ ጋዙ አሞኒያ ነው ወይስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መብራት ቢጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል። ይሁን። እኔ የስትራክቸር ሰው ነኝ፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማሽን ቢበላሽ ይጠገናል፣ ባይጠገን ይቀየራል። ወለል ከተነሳ ግን ዕቃው ወጥቶ፣ መጋዘኑ ሞቆ፣ አርማታው ተሰብሮ ነው የሚስተካከለው። ያን ቀን የባለቤቱን ፊት ማየት አትፈልጉም።

ወለሉን የሚያነሳው፣ ጣሪያውን የሚያከብደው፣ ግድግዳውን ከውስጥ የሚበላው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ውኃ። ዝናብ ማለቴ አይደለም፤ ዝናብማ ይታያል። አፈር ውስጥ የተደበቀውን፣ አየር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ማለቴ ነው። ለዚህ ነው ፍሪዘር የሚሠራ መሐንዲስ ጊዜውን ከቢም ስሌት ይልቅ በጠርዝና በቀዳዳ ላይ የሚጨርሰው።

ከወለሉ ልጀምር፤ ብዙው ጉድ ያለው እዚያ ነው።

በማይነስ 20 ወይም 25 የሚሠራ መጋዘን ዓመቱን ሙሉ እረፍት የለውም። ከስሩ ያለው አፈር ሙቀቱን በወለሉ በኩል ቀስ እያለ ያጣል። ኢንሱሌሽን አለው አይደል ትሉ ይሆናል። አለው። ግን ኢንሱሌሽን ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ወራት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ዓመታት፣ ከዚያ የዜሮ ዲግሪው መስመር ኢንሱሌሽኑን ተሻግሮ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። ማንም ልብ አይልም።

ብዙ ሰው ወለሉ የሚነሳው ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ ይመስለዋል። እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ ነገር በረዶው ውኃ መሳቡ ነው። አፈሩ በሚቀዘቅዝበት መስመር ላይ ያለው በረዶ፣ ከታች ገና ያልቀዘቀዘውን ውኃ በአፈሩ ቀጫጭን ክፍተቶች በኩል እየሳበ ራሱን ያደልባል። መጀመሪያ ስስ የበረዶ ንጣፍ ይሆናል፣ ንጣፉ ይወፍራል፣ ከስሩ ሌላ ንጣፍ ይጀምራል። ቅዝቃዜው ካለና ውኃ እስከቀረበለት ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። አርማታውም ሆነ የተደረደረው ዕቃ ብዙም አያግደውም፤ ሁሉንም ተሸክሞ ይነሳል።

ለዚህ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፤ ቅዝቃዜ፣ ውኃና ውኃ የሚስብ አፈር። ከአፈር ዋናው ጥፋተኛ ደለል ነው። ክፍተቱ ውኃ ለመሳብ የሚበቃ ያህል ጠባብ፣ ውኃ ለማሳለፍ የሚበቃ ያህል ሰፊ ነው። ሸክላማ አፈር በኃይል ይስባል፣ ግን ውኃው በውስጡ የሚሄደው እጅግ በዝግታ ነው። ንጹሕ ጠጠር ደግሞ አይስብም። እና አንዳንዱ "ታዲያ ጠጠር ሞልተን አንገላገልም?" ይላል። ጠጠሩ ይሞላ፣ ጥሩ ነው። ግን ከጠጠሩ ስር ያለው አፈርም ቀን ቆጥሮ ይቀዘቅዛል፣ የከርሰ ምድር ውኃም እኛን ጠይቆ አይወጣም አይወርድም። በእርግጠኝነት በእጃችን ያለው ቅዝቃዜውን መቁረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሪዘር ስር ማሞቂያ እንዘረጋለን። አዎ፣ ከላይ እያቀዘቀዝን ከታች እናሞቃለን።

መንገዱ የተለያየ ነው። ለትልቅ መጋዘን እኔ የምመርጠው በታችኛው ስላብ (ከኢንሱሌሽኑ ስር ባለው የአርማታ ንጣፍ) ውስጥ የላስቲክ ቱቦ ዘርግቶ ለብ ያለ ግላይኮል፣ በቀላሉ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ፣ ማዞር ነው። ሙቀቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ማሽኑ ወደ ውጭ ከሚጥለው ነው፤ ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። አፈሩን ፕላስ 5 አካባቢ መያዝ ይበቃል። ቱቦው አንድ ረጅም ጥቅል ከሚሆን በብዙ መስመር ቢከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ቢያፈስ ተዘግቶ ጎረቤቶቹ ይሸፍኑለታል። በኤሌክትሪክ ኬብል ማሞቅም ይቻላል። ለትንሽ ክፍል ቀላል ነው፣ ነገር ግን ኬብሉ በቀጥታ አርማታ ውስጥ ከተቀበረና ከተቃጠለ ማን ያወጣዋል? ኮንዱይት (የኬብል ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ ይግባ፣ ተስቦ ይወጣል።

ሦስተኛው፣ ትልልቅ ቱቦዎችን ከወለሉ ስር አሻግሮ የውጭ አየር እንዲነፍስባቸው ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ርካሽና ብልህ ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? አንዱ ጥበቃ አይጥ ይገባል ብሎ ጫፉን በጆንያ ይወትፈዋል። ወይም ቱቦው ተዳፋት ሳይኖረው ተዘርግቶ፣ የገባው እርጥብ አየር ውኃውን እዚያው ይጥልና ውኃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። ወለሉን በኮለን (በምሰሶ) አንስቶ ከስሩ ክፍት ቦታ መተውም አለ። አፈሩ ደካማ ሆኖ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ የመሠረት ምሰሶ) የግድ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ፤ ገብቶ በዓይን ማየት ይቻላልና።

የትኛውም ይመረጥ፣ ከስሩ የሙቀት ሴንሰር መቀበር አለበት፣ ቁጥሩንም የሚመዘግብ ሰው መኖር አለበት። ያገለገለ ፍሪዘር መጋዘን ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ከሄዳችሁ ከሁሉም በፊት ያንን መዝገብ ጠይቁ። "አለ፣ እንፈልጋለን" ከተባላችሁ ሌቭል የያዘ ሰርቬየር ይዛችሁ ተመለሱ።

ወለል ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወቀው በስንጥቅ ላይሆን ይችላል። ፎርክሊፍት ነጂው ነው የሚነግራችሁ። የማሽኑ ጎማዎች በ1.2 ሜትር ይራራቃሉ እንበል። አንዱ ጎማ ከሌላው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ 10 ሜትር ላይ ያለው ሹካ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ያጋድላል። ነጂው ፓሌቱን ለማስገባት ይሞክራል፣ የራኩን (የዕቃ መደርደሪያውን) ብረት ይነካል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ እንደገና ይሞክራል። "ይቺ ኮሪደር ታስቸግራለች" ይላል። ነጂዎች ሁሉ ስለ አንድ ኮሪደር የሚያማርሩ ከሆነ ጥፋቱ የነጂ አይደለም።

አሁን የወለሉን ድርብርብ እንየው። ከታች የተጠቀጠቀ ጠጠር፣ ከላዩ ማሞቂያው ያለበት ስላብ፣ ከዚያ የእንፋሎት መከላከያው ሽፋን፣ ከዚያ ኢንሱሌሽኑ፣ ከዚያ አንሸራታች ፕላስቲክ፣ በመጨረሻ ፎርክሊፍት የሚሄድበት አርማታ። ኢንሱሌሽኑ ብዙ ጊዜ ኤክስፒኤስ የሚባለው ጠንካራ ፎም ነው። በሁለት ድርብ ይነጠፋል፣ መጋጠሚያዎቹም አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይውሉ ይዛነፋሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ዲዛይን የሚሳሳትበት ነገር አለ። ካታሎጉ ላይ ፎሙ 300 ኪሎ ፓስካል ይችላል ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን የአጭር ጊዜ ፈተና ቁጥር ነው፤ ያውም ፎሙ በ10 በመቶ ሲሟሽሽ የተለካ። 200 ሚሊ ሜትር ፎም በ10 በመቶ ሟሸሸ ማለት 2 ሳንቲ ሜትር ሰመጠ ማለት ነው። ራክ ደግሞ ዕቃ ጭኖ ለዓመታት እዚያው ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ጭነት የሚሰጠው ቁጥር በ2 በመቶ ስመጥ የተገደበ ነው፤ ለዚያው ፎም 130 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ማለትም ከግማሽ በታች። የራኩ አንድ እግር 8 ቶን ቢያወርድ፣ ያ ጭነት ፎሙ ጋ ሲደርስ ቢያንስ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ መበተን አለበት። የሚበትነው የላይኛው ስላብ ነው። ስለዚህ "አርማታውን ትንሽ እናሳንሰው፣ ወጪ ይቀንሳል" የሚል ሰው ሲመጣ በትህትና እምቢ በሉ።

ከአፈር ወደ አየር እንሂድ።

ውጭው 30 ዲግሪና እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት ግፊት ወደ 3,000 ፓስካል ይጠጋል። ማይነስ 20 ያለ ክፍል ውስጥ ግን ከ100 ፓስካል ብዙም አይበልጥም። 30 እጥፍ ልዩነት! ውጭ ያለው እንፋሎት ሌት ተቀን ወደ ውስጥ ይገፋል። ቀዝቃዛ ጠርሙስ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ልዩነቱ የእኛ ጠርሙስ ስንት ሺህ ካሬ ሜትር መሆኑና የሚያልበው ግድግዳው ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው። መኖሪያ ቤት ግድግዳው ቢረጥብ በሌላ ወቅት ይደርቃል። ፍሪዘር ወቅት የለውም። ግፊቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ የገባው አይወጣም።

ሳንድዊች ፓኔል ሁለት ላሜራና መሃሉ ፎም ነው። ላሜራው እንፋሎት አያሳልፍም፤ ችግር የለበትም። ችግሩ መጋጠሚያው ነው። ሲላንት (ክፍተት የሚደፍነው ማሸጊያ) መቀባት ያለበት በውጭ፣ ማለትም በሞቃቱ በኩል ነው። ሳይት ላይ ብትሄዱ ግን በውስጥ በኩል ያለው መስመር ተስተካክሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ተወልውሎ ታገኙታላችሁ፤ ጎብኚ የሚያየው እሱን ነዋ! በውጭ በኩል ያለው፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ተቃጥሎ መሥራት የሚጠይቀው፣ እዚህም እዚያም ተዘሏል። በዚህ ሁኔታ እንፋሎቱ በውጭ ይገባል፣ በውስጥ መውጫ ያጣል፣ ፎሙ ውስጥ በረዶ ይሆናል። በረዶ ሙቀትን ከጥሩ ፎም 100 እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ያ ቦታ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ይበልጥ ውኃ ይጠራል። ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ፓኔሉ ይከብዳል። ማንጠልጠያው ግን የተሰላው ለደረቅ ፓኔል ነበር።

ቀዳዳ ሌላው ጣጣ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ድሪሉን ሲያነሳ ልቤ ድንግጥ ይላል። አንድ ኬብል ለማሳለፍ በስታ፣ ዙሪያውን ፎም ነፍቶ ይሄዳል፤ ኮንዱይቱን ውስጡን ግን ማንም አይደፍነውም። እንፋሎቱ በኬብሉ ጎን እንደ ልቡ ይገባና በሌላኛው ጫፍ መብራቱ ላይ የበረዶ ጢም ይሠራል። ቀዳዳዎች ሁሉ ድሮዊንግ ላይ ይውጡ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ይሰብሰቡ፣ ከዚያ ውጭ መብሳት ክልክል ይሁን። ይህ የስትራክቸር ሥራ አይደለም የሚለኝ አለ። ፓኔሉ ሲወድቅ ግን የሚጠሩት እኔን ነው።

ኮለኖች ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ብረት ሙቀትን ከፎም ከ1,000 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የብረት ኮለን ወለሉን በስቶ ወደ ፋውንዴሽን ከወረደ፣ ያ ሁሉ የወለል ድርብርብ በእሱ በኩል ተሸወደ ማለት ነው። ወይ አጽሙን በሙሉ ከውጭ አቁሞ የቀዘቀዘውን ሳጥን ከውስጥ መሥራት ነው፣ ወይ ኮለኑን ከውስጥ አድርጎ ከቤዝ ፕሌቱ (ከኮለኑ እግር ላሜራ) ስር ጭነት የሚችል፣ ሙቀት የማያሳልፍ ብሎክ ማስገባት። እኔ ከተቻለ አጽሙን ከውጭ አደርጋለሁ። ብረቱ ይታያል፣ ይቀባል፣ ሙቀቱም ከአየሩ ጋር እኩል ነው። ጣሪያውና ፓኔሉ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ግን አየር ይዘዋወርበት፤ ካልሆነ እዚያ ውስጥ ይዘንባል።

አጽሙ ከውስጥ ከሆነ ማጠሩን አስቡ። በ30 ዲግሪ የተተከለ 100 ሜትር የብረት መስመር ማይነስ 20 ሲደርስ 6 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ሁለቱንም ጫፍ በብሬሲንግ (አጽሙን በሚያግዱ ሰያፍ ብረቶች) ጠፍራችሁ ከያዛችሁት የሆነ ቦታ ቦልት ይቆረጣል ወይም አርማታ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ ያዙት፣ ጫፎቹ ይንቀሳቀሱ። ግድግዳውም እንዲሁ ነው፤ የውጭው ላሜራ ፀሐይ መትቶት ሲሰፋ የውስጡ በቅዝቃዜ ያጥራል፣ ረጅም ፓኔል እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይጎብጣል። በቦልት ብዛት አስሮ ማቃናት አይቻልም።

የብረቱን ዓይነት በተመለከተ ብዙ አላወራም። ብረት ሲቀዘቅዝ ሳይታጠፍ እንደ ሸክላ የሚሰበርበት ሁኔታ አለ። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ስኬኔክተዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ ማዕበል በሌለበት፣ ወደብ ላይ እንደቆመች ለሁለት ተሰንጥቃለች። ዛሬ የብረት ስም መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ለዚህ ነው፤ ጄአር በፕላስ 20 የተፈተነ፣ ጄ0 በዜሮ፣ ጄ2 በማይነስ 20። የላሜራው ውፍረትና ብየዳውም ይታያል። ድሮዊንጉ ላይ የብረቱ ደረጃ ኤስ 355 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ፊደሏን ጠይቁ።

አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር ደግሞ አለ፤ የአየር ግፊት። በደንብ በታሸገ ክፍል ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በ350 ፓስካል ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። በካሬ ሜትር ወደ 35 ኪሎ ነው። ጣሪያው 1,000 ካሬ ቢሆን 35 ቶን ከላይ ጫንን ማለት ነው፣ በአንድ ዲግሪ! በር ተከፍቶ ሞቃት አየር ገብቶ ሲዘጋ፣ ወይም ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ) ከዲፍሮስት፣ ማለትም በላዩ ያለውን በረዶ ከማቅለጥ፣ ወጥቶ ማቀዝቀዝ ሲጀምር ዲግሪው ቶሎ ይቀያየራል። ለዚህ ነው ግድግዳው ላይ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ የሚገጠመው፤ በረዶ እንዳይዘጋውም ትንሽ ማሞቂያ አለው። ነገሩ ሲታይ ይገርማል፤ ሥራው በተጣራ ቁጥር፣ ሲላንቱ በተሟላ ቁጥር፣ ቫልቩ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል። አየር የሚያሾልክ መጋዘን በራሱ ይተነፍሳል።

በር ጋ ብዙ አልቆይም። ዕቃ የሚወርድበት ዶክ ፕላስ 2 እስከ 5 አካባቢ ተደርጎ ከፍሪዘሩ በፊት እንደ መተላለፊያ ካልቆመ፣ እርጥቡ አየር ቀጥታ ይገባል፣ ከበሩ በላይ ያለው ጣሪያ በረዶ ያበቅላል፣ ወለሉ ይንሸራተታል። እሳትን በተመለከተም እንዲሁ ባጭሩ፦ የፓኔሉ ፎም ዓይነት ወሳኝ ነው፤ ኢፒኤስ የሚባለው ፎም በእሳት ይቀልጣል፣ ፒአይአር የሚባለው የተሻለ ነው፣ ሮክ ዉል (የድንጋይ ጥጥ) አይቃጠልም ግን ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ ወፍራምና ከባድ ይሆናል። የእሳት ማጥፊያ ቱቦም ውኃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ አይቀመጥም። በአየር ይሞላል፣ ውኃው ሙቅ ክፍል ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ራኮቹ ራሳቸው ግድግዳና ጣሪያ የሚሸከሙባቸው፣ 40 ሜትር የሚደርሱ አውቶማቲክ መጋዘኖች ውስጥ ደግሞ ኦክስጅኑን አስቀድሞ መቀነስም የተለመደ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ፈተና ሕንፃው ካለቀ በኋላ ይመጣል። ባለቤቱ ዕቃው መንገድ ላይ ነው፣ ማሽኑ ዝግጁ ነው፣ "አሁኑኑ ማይነስ 20 አድርጉት" ይላል። አይሆንም። አዲስ አርማታ ገና ውኃ አለው። ሙቀቱ በቀን በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ከዜሮ በላይ ትንሽ ሲቀረው ቆም ብሎ ለቀናት እርጥበቱ በኢቫፖሬተሩ ተስቦ እንዲወጣ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው መስመሩን የሚሻገረው። ሲቀዘቅዝ ስላቡ ያጥራል፣ ጆይንቶቹ (የስላቡ መጋጠሚያዎች) ይከፈታሉ። ስለዚህ የወለል ጆይንት የሚሞላው ክፍሉ የሥራ ቅዝቃዜው ላይ ደርሶ፣ ስላቡ ማጠሩን ጨርሶ ሲቆም ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ በሚደርቅ ማቴሪያል። ቀድሞ የሞላ ኮንትራክተር ስንጥቁን ከሙሌቱ አጠገብ ያገኘዋል፣ የፎርክሊፍት ጎማም ጠርዙን መፈርፈር የሚጀምረው ከዚያችው ስንጥቅ ነው።